«ሙከራ አለ፣ ና» የተባለው የመርሳ ልጅ

ስልኩ የተደወለው ማታ ነው። የደወለው አዲስ አበባ የሚኖር የሰፈር ልጅ ነው። አንድ የሠራዊት ክለብ ለወጣት ቡድኑ ልጆች ሊያይ ነው፣ ታኬታህን ይዘህ ና፣ አሠልጣኙን የሚያውቅ ሰው አለ አለው። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው መርሳ ነው፣ የሐብሩ ልጅ። ግራ እግር ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሲጫወት እኛም አይተነዋል። ስሙን አንጽፍም። የክለቡንም ስም አንጽፍም። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ይህ ስልክ የዛሬ አሥር ዓመት ቢደወል ኖሮ ሰፈሩ በአንድ እግሩ ይቆም ነበር። እናት ስንቅ ትቋጥራለች፣ አጎት የመሳፈሪያ ይሰጣል፣ ጓደኛ ቱታውን ያውሳል። አሁን ግን ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከቤት መውጣት ነው። ማንም እንዳይሰማው።

እና የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ኳስ ነው። ያው ኳሱም ዞሮ ዞሮ እዚያው ጦርነቱ ጋ ያመጣናል።

ሙከራ ምን እንደሚመስል ላላያችሁት እንንገራችሁ። ክለብ አልጠራህም፣ ማናጀር የለህም፣ ማንም አያውቅህም። አንተው ራስህ ሄደህ «እስቲ እዩኝ» ትላለህ። አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲዎችና በጦር አካዳሚዎች ቡድን ሳይመለመል መጥቶ የሚሞክር ተማሪ የራሱ መጠሪያ አለው፤ ሲሳካለት ፊልም ይሠራለታል። እኛ ጋ መጠሪያም የለው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለው መንገድ እሱ ብቻ ስለሆነ ልዩ ስም አላስፈለገውም።

ከመካከላችን አንዱ በ2010 ሞክሯል። የትኛው ክለብ እንደሆነ ይቅር። ሌሊት 11 ሰዓት ከወልድያ ተነስቶ አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገባ፣ ዘመድ ቤት መሬት ላይ ተኛ፣ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ሜዳው በር ላይ ደረሰ። ከእሱ በፊት ወደ 60 የሚጠጋ ልጅ ቆሟል። ጥበቃው መታወቂያ ይሰበስባል። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ጽፈው ሰጡት፣ እሱም በመርፌ ቁልፍ ማልያው ላይ አያያዘው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አሠልጣኞቹ መጡ። አሟሙቁ ተባለ። ለሁለት ሰዓት ተኩል ሲያሟሙቅ የቆየ ልጅ እንደገና አሟሟቀ።

ከዚያ 11 ለ11። ማንም ማንንም አያውቅም። ሁሉም ራሱን ለማሳየት ስለመጣ ኳስ የሚያቀብል የለም። የሙከራ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፦ ለዓመታት የለፋህበትን ለማሳየት ኳስ የሚሰጥህ ሰው ያስፈልግሃል፣ ኳስ የሚሰጥህ ሰው ደግሞ የዛሬ ተፎካካሪህ ነው። ተከላካይ ይሻለዋል፣ ኳሱ ራሱ እየሮጠ ይመጣለታል። አማካይም ወርዶ ይቀማል። ክንፍ ላይ የቆመ ልጅ ግን እጁን አንስቶ «ወዲህ! ወዲህ!» እያለ ይውላል። የእኛው ልጅ በ20 ደቂቃ ውስጥ ኳስ የነካው 4 ጊዜ ነው። አንዱን አበላሸው። ፊሽካ ተነፋ፣ ቀጣዮቹ ገቡ። በቃ፣ ከወልድያ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣው ለእነዚያ 4 ኳሶች ነበር።

ከምሳ በፊት ጥቂት ቁጥሮች ተነበቡ። የእሱ የለበትም። ከተነበቡት ውስጥ ሁለቱ ጠዋት ከአንድ ሰውዬ ጋር በመኪና ሲገቡ አይቷቸዋል። ልጆቹ አይችሉም ማለታችን አይደለም። አንደኛው በጣም ይችላል፣ እውነቱን ለመናገር ከእኛው ልጅ ይሻላል። ግን ሰውዬው ከአሠልጣኞቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ ነበር፣ የእኛው ልጅ ደግሞ ለሻይ የሚሆን ብር እንኳ አልነበረውም። (ይኸው ዛሬ ጋዜጠኛ ሆኗል፣ ይህም ኑሮ ከተባለ።)

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ሰው ለምን ይሄዳል? ደግሞስ ለምን የሠራዊት ክለብ?

እስቲ ስማቸውን ጥሩ። ሻምበል አበበ ቢቂላ። ሻምበል ማሞ ወልዴ። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር። ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ። ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ። ማዕረጉ ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ስላደግን አንሰማውም። አበበና ማሞ ክብር ዘበኛ ነበሩ፣ ምሩጽ አየር ኃይል፣ ኃይሌና ደራርቱ ደግሞ ከፖሊስና ከማረሚያ ቤቶች ክለቦች ነው የወጡት። በዚህች አገር ድሃ ልጅ ስፖርተኛ ሆኖ ደሞዝ፣ አልጋና ሦስቴ የሚበላበት ቦታ ያገኘው ለረጅም ጊዜ የደንብ ልብስ ባላቸው ተቋማት ውስጥ ነው። የግል ክለብ የለም፣ የትምህርት ቤት ስፖርት ከማለፊያ ነጥብ በላይ አይዘልቅም፣ ሠራዊቱ ግን አለ። ስለዚህ ሠራዊቱ ጋ ይኬዳል።

ልዩነቱ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አበበ መጀመሪያ ወታደር ነበር። ክብር ዘበኛ ገብቶ፣ እዚያው ሲሮጥ ታይቶ፣ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ይዞት ነው ሮም የሄደው። በሰፊው እንደሚነገረው ቡድኑ ውስጥ የገባው መጨረሻ ላይ፣ ዋሚ ቢራቱ ሲጎዳ በእሱ ምትክ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ማለትም ከዓለም ታላላቅ ድሎች አንዱ የተጀመረው «ተተኪ» ከተባለ ወታደር ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ልጁ መጀመሪያ ኳስ ተጫዋች ነው፣ ወይም ሯጭ ነው። ወታደር መሆን አላሰበም። የሚሄደው ለሜዳው ነው፣ ግን የሜዳው በር ላይ የሠራዊቱ ዓርማ አለ።

ዓርማው ደግሞ ማልያ ላይ ብቻ አይቀርም። ይህን የምንለው ከሆዳችን አውጥተን አይደለም። አበበ ወርቁን ይዞ ከገባ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ታኅሣሥ 1953፣ የራሱ ክፍል ክብር ዘበኛ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አደረገ። ዓለም ያጨበጨበለት ሯጭ የከሸፈ ሙከራ ያደረገ ክፍል አባል ሆኖ አደረ። እሱስ ተረፈ፣ ቶኪዮ ሄዶ በ1957 ደገመው። የማሞ ወልዴ ግን ከባድ ነው። በ1961 ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው ሻምበል ማሞ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ ግድያ ጋር ተያይዞ ተከሰሰ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታሰረ። ጥር 1994 ፍርድ ቤት ስድስት ዓመት ፈረደበት፣ ቀድሞውኑ ከዚያ በላይ ስለታሰረ ተለቀቀ፣ ግንቦት ላይ ሞተ። ክሱን እዚህ መልሰን አንዳኝም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ሯጩና ሻምበሉ አንድ ሰው ነበሩ፣ ዘመን ሲገለበጥ ሻምበሉ ሲጠየቅ ሯጩ ሊያስጥለው አልቻለም።

ሌላው ዓለምስ? ሰን ሂዩንግ ሚንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ወንድ ሁሉ የውትድርና ግዴታ አለበት፣ ሰንም ነበረበት። በ2018 እ.ኤ.አ. የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ሲያገኝ ነፃ ወጣ፣ የቀረችውን የሦስት ሳምንት ሥልጠና ጨርሶ ወደ ቶተንሃም ተመለሰ። ያልቀናቸው ተጫዋቾች ደግሞ ጊምቾን ሳንግሙ በሚባለው የሠራዊት ክለብ ሊግ እየተጫወቱ ግዴታቸውን ይወጣሉ፣ ሲጨርሱ ወደ ክለባቸው ይመለሳሉ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሮቢንሰን የባሕር ኃይል አካዳሚ ሲገባ ታዋቂ ተጫዋች አልነበረም፣ ቅርጫት ኳስ በደንብ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው። እዚያ ቁመቱ ጨመረ፣ ጨዋታው ጨመረ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ኤንቢኤ ውስጥ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ያም ሆኖ ሁለት ዓመት በባሕር ኃይል አገልግሎ ነው ሳን አንቶኒዮ የሄደው። የሁለቱም ዕዳ ወረቀት ላይ አለ። ስንት ሳምንት፣ ስንት ዓመት፣ መቼ ያልቃል። ሰው ዋጋውን አይቶ ይገባል።

የመርሳው ልጅ ዋጋ የትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለውን ነገር እናንተ ከእኛ በላይ ትኖሩታላችሁ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ኢንተርኔቱም ለወራት ጠፍቶ እንደነበር አትረሱትም፣ ይህ ገጽ ራሱ ያኔ እናንተን ሊያገኝ አልቻለም። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላው ጦርነት አለ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ የነበሩበት። የዛሬ የ19 ዓመት ልጅ አፍላነቱን ያሳለፈው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ «የሠራዊት ክለብ ሊሞክር ሄደ» የሚል ወሬ ምን እንደሚያመጣ አስቡት። ልጁ ያሰበው የግራ ክንፍ ነው። ሰፈር ውስጥ የሚሰማው ግን «ሠራዊት» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። አንዱ ባንዳ ይለዋል። እሱ አዲስ አበባ ካምፕ ውስጥ ሆኖ አይሰማውም፣ እናቱ ግን ገበያ ትወጣለች። በሌላ በኩል ደግሞ የመርሳ መታወቂያ የያዘ ወጣት ወንድ ብቻውን ቦርሳ አንግቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በየኬላው «ማነህ? ወዴት ነህ? ለምን?» ይባላል። «ለኳስ ሙከራ» ብሎ ሲመልስ የሚያምነውም የማያምነውም አለ። አንዱ ወገን ሊሄድ ነው ብሎ፣ ሌላው ወገን ከየት መጣ ብሎ ይጠረጥረዋል። መሐል ላይ አንድ ታኬታ የያዘ ልጅ አለ።

«ታዲያ ይቅርበታ!» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ እናውቃለን። እሺ ይቅርበት። ምን ያድርግ?

ትምህርት? በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.2 በመቶ ናቸው። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህ ትምህርት ቤት ሳይዘጋበት የተማረውንም ጨምሮ ነው። ድሮ የሐረር ጦር አካዳሚ ጎበዝ ተማሪዎችን ከየትምህርት ቤቱ መርጦ ይወስድ ነበር፣ በዚያ በር የሚገባው ደብተሩን ይዞ ነው። በስፖርት በር የሚገባው ደብተሩ ያልሠራለት ልጅ ነው፣ ስለዚህ የሚያጣው በር የመጨረሻው በሩ ነው።

የሰፈሩ ክለብስ? እዚህ ላይ ነው እኛን የሚያንገበግበን። ወልድያ ላይ ስታዲየም አለ። እንዲያው ስታዲየም ብቻ አይደለም፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ፣ በጥር 2009 ሲመረቅ አገር ያወራለት፣ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመና በእሳቸው ገንዘብ የተሠራ ስታዲየም ነው። ወልድያም ያኔ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ነበር። የመርሳ ልጅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ተጉዞ ጊዮርጊስን፣ ቡናን፣ መከላከያን በዓይኑ ያይ ነበር። የዛሬው የእኛ ልጅ ያኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ታኬታ የሚባል ነገር ያየው እዚያ ነው።

ከዚያ ነገሩ አንድ ባንድ ተናደ። በኅዳር 2010 ከመቀሌ ከተማ ጋር የነበረው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀርቶ ከተማው በግጭት ታመሰ። ሼሁ ጥቅምት 2010 ሳዑዲ ውስጥ ታስረው ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። ክለቡም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሊጉ ወረደ። በአንድ ባለሀብት ትከሻ ላይ የቆመ ክለብ ባለሀብቱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ወልድያ ላይ በግልጽ ታየ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። በነገራችን ላይ ይህ የወልድያ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ በ2011 ሻምፒዮን የነበረው መቐለ 70 እንደርታም በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ከሊጉ ጠፍቶ ነበር። ያኔ ሜዳ ላይ የተቧቀሱት የሁለቱ ከተማ ልጆች ኋላ አንድ ዓይነት ነገር ነው ያጡት።

ሊጉም ራሱ ከ2013 ወዲህ በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ የሚካሄድ ሆነ። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ። ለቴሌቪዥኑ ጥሩ ነው። ለመርሳው ልጅ ግን ክለብ የሚባል ነገር ከስክሪን ውጪ የለም። ደረጃውን ደግሞ ተመልከቱት፦ በ2016 ዋንጫውን ንግድ ባንክ ወሰደ፣ ሁለተኛ የሆነው መቻል ነው፣ ያው የቀድሞው መከላከያ፣ በ2014 ወደ ድሮ ስሙ የተመለሰው። በ2017 ኢትዮጵያ መድን ወሰደ። ባንክ፣ ሠራዊት፣ መድን። ሁሉም የመንግሥት ተቋም ነው፣ የተቀሩትም አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደር በጀት ናቸው። ስለዚህ «ከፖለቲካ የራቀ ክለብ ይፈልግ» ብሎ ልጁን መምከር ቀላል ነው፣ ማግኘቱ ነው ችግሩ። ለሯጮችስ ደቡብ ወሎ ተንታ ላይ፣ ደብረ ብርሃንም ላይ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። ለኳስ ተጫዋች በዚህ መስመር ይህ ነው የሚባል የለም።

የእኛን አቋም ከጠየቃችሁ፣ ልጁን አንኮንነውም፣ ሂድም አንለውም። ያልነው ነገር ቢኖር ከመሄድህ በፊት ጠይቅ ነው። የምትፈርመው እንደ ሲቪል ተጫዋች በኮንትራት ነው ወይስ እንደ አባል? ስንት ዓመት? ከቡድኑ ብትቀነስ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ ወይስ ወደ ሌላ ክፍል? ጉልበትህ ቢጎዳ ማን ያሳክምሃል? ፎቶህ የክለቡ ገጽ ላይ ይለጠፋል? የመጨረሻዋን ጥያቄ እኛ አላሰብናትም ነበር፣ እሱ ነው ያነሳት። ሌላው ልጅ ክለብ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ፎቶው እንዲለጠፍ ነው፤ እሱ እንዳይለጠፍ ነው የሚጠይቀው። እናቱ እዚህ ስለሆነች።

ለክለቦቹም አንድ ነገር እንበል፣ የሚሰማ ካለ። ከሰሜን ወሎ ልጅ ከፈለጋችሁ ልጁን አዲስ አበባ ድረስ ለ20 ደቂቃ አትጥሩት። ያ መንገድ ዛሬ የኪስ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያስከፍለው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ድረስ አንድ መልማይ ላኩ፣ ካልሆነ ቪዲዮ ተቀበሉ። አውሮፓ ያሉ ክለቦች አፍሪካዊ ልጅ በቪዲዮ አይተው ይጠራሉ። የእኛዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን ልጅ በቪዲዮ ለማየት ምን ይከለክላቸዋል?

ልጁ ለሙከራው አልሄደም። አልፈልግም ብሎ አይደለም። በዚያ ሳምንት መንገዱ አልተከፈተም፣ ቀኑ አለፈ። ሰውየው ሌላ ዙር ይኖራል ብሎታል።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ደውሎ በስልክ ቅረጹኝ አለን። ሁለት ድንጋይ ጎል አድርጎ፣ የሰፈር ልጆች ተከላካይ ሆነውለት፣ አቧራው እየጨሰ። ይገርማችኋል፣ ልጆቹ ኳሱን ለእሱ ብቻ ያቀብሉ ነበር። አንዷን ከግራ ቆርጦ ገብቶ በቀኝ እግሩ ሲያስቆጥራት ቀራጩ ጮኾ ስልኩን አንቀጠቀጠው፣ ቆርጠን አወጣነው። አራት ደቂቃ ሆነ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ለመጫን እስከ ማታ ፈጀ። ለሦስት ክለብ ሰዎች ላክነው፣ አንዱ የሠራዊት፣ ሁለቱ የከተማ።

ይህን ስንጽፍ የሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆኗል። መልስ ግን አልመጣም።